ታፔላው ከመሰራቱ በፊት ፈቃዱ፦ ጎንደር ፒያሳ ላይ ካፌ ለምትከፍት እህት

ሰላም እህቴ። ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ጣልያን ሰራሽ በሆነ የቀበሌ ቤት ምድር ላይ ካፌና ምግብ ቤት ልትከፍቺ ነው። ታፔላ ሰሪው 6 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ላይት ቦክስ (ከውስጥ የሚበራ ሳጥን) ልስራልሽና ልስቀለው፣ ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል እያለሽ ነው። አንድ ቢራ አከፋፋይ ደሞ የቢራው ስም ከጎን ይግባ እንጂ በነፃ አሰራልሻለሁ ብሎሻል። አንቺ የምትጠይቂው ለከተማው የሚገባውን ማመልከቻ ምን ምን አድርጌ ላዘጋጅ ነው። አርክቴክት ነኝ፣ እንዲህ አይነት ፋይል ማዘጋጀት የዘወትር ስራዬ ነው፣ ስለዚ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት፣ ቀብድ ሰጥተሽም ቢሆን ስራው እንዳይጀመር ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚው። መጀመሪያ ሰቅሎ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ሌላ ቦታ ሲደረግ አይተሽ ይሆናል፣ አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ግን አይሆንም። ፈቃዱን የሚያየው የከተማው ባለሙያ መጥቶ አውርጂ ካለሽ 9 ካሬ ሜትር ብረትና ፍሌክስ (የታተመበት የፕላስቲክ ሸራ) ለዛ ግድግዳ ልክ ስለተሰራ ለሌላ ቦታ አይሆንም፣ ግድግዳው ላይ የተበሳው ቀዳዳም ተበስቷል። ማመልከቻ ማለት እኮ ታፔላው ገና ሳይሰራ፣ የሚወስነው ሰው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንዲያየው ማድረግ ነው። ፋይልሽ ይሄን ካደረገ ነገሩ ይቀላል። ካላደረገ ግን ማህተም ቢበዛበትም ባለሙያው ቦታውን ካላየሁ አልወስንም ብሎ ቀጠሮ ይሰጥሻል፣ ከዛ መኪና የለም፣ ከዛ ስብሰባ ነው፣ እንዲህ እያለ ካፌሽ ያለ ታፔላ ክረምቱን ያሳልፋል።

ስለዚ ከታፔላው ሳይሆን ከግድግዳው ጀምሪ። አዘዞ ወይ ማራኪ አዲስ ፎቅ ስር ቢሆን ይሄን ያህል አልጽፍልሽም ነበር። ፒያሳ ግን ሌላ ነው። ፋሲል ግቢ ዙሪያውን 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ከሱ ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴም ቁስቋምም የአፄ ፋሲል መዋኛም አብረው ገብተዋል። ብዙ ሰው ቅርስ የሚባለው ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት አጥር ውስጥ ያለው ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ከአጥሩ ውጪ ያለው ነገር ግንቡን የሚጋርድ ወይም ከመንገድ ሲታይ የሚሻማው ከሆነ የቅርስ ጉዳይ ይሆናል። ደሞ ያንቺ ቤት ራሱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ ከተሰሩት ነው፣ ፖስታ ቤቱን የመሳሰሉት ማለቴ ነው፣ ጥጋቸው ክብ የሆነ፣ ፊታቸው ላይ አግድም መስመር ያላቸው፣ ቀለማቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ። የወራሪ ስራ ነው ብሎ የሚያጣጥላቸው አለ፣ እኔ ግን እነዚህ ቤቶች አሁን የጎንደር ናቸው እላለሁ፣ የፒያሳን መልክ የሰሩትም እነሱ ናቸው። 6 በ1.5 የሆነ ሳጥን ሲሰቀልባቸው መስኮት በላይ ያለው ጌጥ መስመር በሙሉ ይጠፋል፣ ቤቱ ቤት መሆኑ ይቀርና የባነር ማንጠልጠያ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ስለዚ መጀመሪያ ወደ ክፍለ ከተማው ስትሄጂ ፎርም አትጠይቂ፣ ቦታውን ንገሪና ሶስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ ይሄ ቤት በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ፣ ከተመዘገበ ወይም ከግቢው በጣም ቅርብ ነው ከተባልሽ የባህልና ቱሪዝም አስተያየት በደብዳቤ ያስፈልግሻል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቋሚ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ እንዳይሰራ ስለሚከለክል ከተማ አገልግሎት ቢፈቅድልሽ እንኳ ያ ደብዳቤ ከሌለ ፈቃዱ ሊነሳብሽ ይችላል። ሁለተኛ መንገዱ የኮሪደር ልማት የሚነካው ነው ወይ፣ ከሆነ የቀለምና የታፔላ መጠን መመሪያው አብሮ ስለሚመጣ እሱን በኮፒ ጠይቂያቸው፣ በቃል የተነገረሽን ይዘሽ ዲዛይን እንዳታሰሪ። ሶስተኛ ማመልከቻው በትክክል ለማን ተጽፎ ለማን ነው የሚገባው። ይሄን ሶስተኛውን ሰው ይንቀዋል ግን ብዙ ፋይል የሚመለሰው አድራሻው ላይ የተሳሳተ ጽ/ቤት ተጽፎ ነው፣ መዝገብ ቤት ደሞ ያልተጻፈለትን አይቀበልም።

ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት ጉዳይ። የግል ቤት ቢሆን አከራይሽ አንድ ወረቀት ላይ ተስማምቻለሁ ብሎ ፈርሞ ይጨርስ ነበር። ያንቺ ግን የቀበሌ ቤት ነው፣ በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወደ መንግስት ከገቡት፣ ስለዚ ባለቤቱ መንግስት ነው፣ የሚፈቅደውም ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው። የኪራይ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢው፣ ቤቱ ላይ ለውጥ ስለማድረግ የሚል አንቀጽ ይኖረዋል። ግድግዳ መብሳት ለውጥ ነው። ስለዚ "የፊት ግድግዳው ላይ በተያያዘው ዲዛይን መሰረት ታፔላ እንድትሰቅል ተስማምተናል" የሚል ደብዳቤ ከነሱ አውጪ፣ ዲዛይኑ ላይም ማህተም እንዲያደርጉበት ለምኚያቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ውሉ በሌላ ሰው ስም ሆኖ አንቺ ከዛ ሰው የተከራየሽ ከሆነ የታፔላ ማመልከቻው ያንን ነገር ያወጣዋል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ውሉን አስተካክይ፣ ከዛ ወደ ታፔላው ነይ።

ከዛ ስሙ። ታፔላው ላይ የሚጻፈው ስም ንግድ ፈቃድሽ ላይ ካለው የንግድ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ በራሱ ስም ብቻ ያወጣና ታፔላ ላይ ሲደርስ ያማረ ስም ይመርጣል፣ ከዛ ባለሙያው ይሄ ማነው ይላል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 የንግድ ስም ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ነገር ነው፣ ቀድሞ ከተመዘገበ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ አይመዘገብልሽም። ጎንደር ውስጥ ደሞ ፋሲል፣ ጃንተከል፣ ጎሃ የሚል ስም የሌለው ሰፈር የለም፣ ስለዚ ሁለት ሶስት አማራጭ ይዘሽ ሂጂ። ስሙ ሳይጸድቅ ዲዛይን አታሰሪ። ፊደሉንም ተጠንቀቂ፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ በሀሌታው "ሀ" ተጽፎ ታፔላው ላይ በሐመሩ "ሐ" ከሆነ የሚያልፍልሽ ሰው ይኖራል፣ የማያልፍልሽም ይኖራል፣ ለምን እድል ትሞክሪያለሽ። እንግሊዝኛ ከፈለግሽ፣ ቱሪስት ስለሚመጣ መፈለግሽ ልክ ነው፣ አማርኛው ከላይና ተለቅ ብሎ እንግሊዝኛው ከስር አነስ ብሎ ይሁን። "ብቸኛው"፣ "አንደኛ"፣ "ከሁሉ የተሻለ" የሚሉትን ቃላት ተያቸው፣ በማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 ማስረጃ የማታቀርቢለትን እንዲህ ያለ ነገር ማለት ያስጠይቃል፣ በዛ ላይ ቦታ ይበላሉ።

የቢራውን ነገር በግልፅ ልበልሽ፣ እምቢ በይ። በነፃ የሚባለው ነገር ፋይልሽን ነው የሚያከብድብሽ። ያንቺ ስም ብቻ ያለበት ታፔላ የቤት መጠሪያ ነው። የቢራ ስም ሲገባበት የሌላ ድርጅት ምርት ማስታወቂያ ይሆናል፣ ክፍያውም የሚታይበት መንገድም ይለያል፣ የአልኮል ማስታወቂያ ደሞ ህጉ የጠበቀበት ነገር ነው፣ በአዋጅ 1112/2011 በሬድዮና በቴሌቪዥን ጭራሽ ተከልክሏል። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት በየአቅጣጫው ያለበት ከተማ ውስጥ፣ የዓለም ቅርስ አጠገብ፣ የቢራ አርማ ያለበት መብራት ፍቀዱልኝ ብሎ መጠየቅ ራስን ያላስፈላጊ ጥያቄ ውስጥ መክተት ነው። ነገ አከፋፋዩ ውሉን ቢያቋርጥ ደሞ ታፔላው የሱ ነው፣ ይዞት ይሄዳል።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። 6 በ1.5 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ልብ ብለሽዋል? 9 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሆን ንፋስ፣ ክረምት ከነጎድጓድ በፊት ድንገት የሚነሳውን አስቢው፣ ጎንደር ከፍታ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚሆን ግፊት ያሳርፋል። 9 ካሬ ላይ ከ270 እስከ 360 ኪሎ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው 80 ዓመት ያለፈው ልስን ውስጥ በገቡ ጥቂት ፊሸሮች (ቡሎን የሚይዙ የፕላስቲክ መሰኪያዎች) ላይ ነው፣ ከስር ደሞ ሰው ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ይጠጣል። 3 ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር ካደረግሽው ግን 1.5 ካሬ ሜትር ነው፣ ግፊቱ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ይሆናል፣ ይሄን በደንብ የተሰሩ 6 ማሰሪያዎች ያለ ጭንቀት ይይዙታል። ክፍያው በካሬ ሜትር ሲሰላብሽም ልዩነቱን ታይዋለሽ፣ 6 እጥፍ ነው።

ትንሽ ከሆነ አይታይም ትይኝ ይሆናል። ይታያል። 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ12 ሜትር ላይ ያለ ድካም ይነበባል፣ አይን ሰብስቦ እስከ 40 ሜትር ገደማ ይለያል። ስምሽን በ30 ሳንቲ ሜትር ፊደል ብታሰሪው ከመንገዱ ማዶ ላለ ሰው ብቻ ሳይሆን ከ35 ሜትር በላይ ለሚመጣውም በቀላሉ ይነበባል፣ ፒያሳ ላይ ደሞ ደንበኛሽ በእግሩ ነው የሚመጣው። ፊደላችን ላይ ግን አንድ መጠንቀቅ ያለብሽ ነገር አለ፣ "ቡ" እና "ቢ"ን የምትለየው ጎን ላይ ያለችው ትንሿ ጭረት ናት፣ ቀጭን ፎንት ከመረጥሽ ወይም መብራቱ ከበዛ ያቺ ጭረት ከሩቅ ትጠፋለች። ስለዚ ወፈር ያለ፣ በፊደላቱ መሃል አየር ያለው ፎንት ምረጪ፣ ስልክ ቁጥርና የምግብ ዝርዝር ታፔላው ላይ አታጭቂ። ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ ቁርስ፣ ጁስ የሚለውን በር ላይ በትንሽ ሰሌዳ ጻፊው።

የፋይሉ ልብ ፎቶውና ስዕሉ ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጪው። ጠዋት መኪና ሳይቆም፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ በጎን ስታርፍ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ ፊት ለፊት አንሺው። ስልኩን ወደ ላይ አታንጋጪው፣ ቀጥ አርገሽ ያዢው፣ ካልሆነ ቤቱ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ከበሩ አጠገብ ልክ 1 ሜትር የሆነ እንጨት አስደግፊ፣ ጫፍና ጫፉን ቀይ ቀለም ቀቢው፣ ይሄ እንጨት ለሚያየው ሰው መጠኑን ይነግረዋል። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶችሽ በፎቶው ውስጥ ይግቡ፣ ታፔላቸውም ይታይ። ከዛ ከግራም ከቀኝም ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆነሽ አንድ አንድ አንሺ፣ ከነዚህ ባንዱ የግቢው ግንብ የሚታይ ከሆነ እንዳትደብቂው፣ እንዲያውም ሆን ብለሽ አስገቢው፣ ምክንያቱም ታፔላሽ ግንቡን እንደማይጋርድ የምታሳዪው በዚያ ፎቶ ነው።

አሁን ፎቶው ላይ ታፔላውን በልኩ አስቀምጪው። ይሄን የሚሰራ ማንኛውም ፎቶሾፕ የሚችል ልጅ ይሰራልሻል ግን ልኩን አንቺ ተቆጣጠሪ። በርሽን በሜትር ለኪው፣ 1.20 ሜትር ነው እንበል፣ ፎቶው ላይ በሩ 300 ፒክስል ከሆነ 1 ሜትር 250 ፒክስል ነው፣ 3 ሜትር ታፔላ 750 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። በግምት ከተቀመጠ ባለሙያው በአይኑ ያውቀዋል፣ አንዴ ካወቀ ደሞ የተቀረውንም ወረቀት አያምንሽም። ከዛ ስዕሉ። ሁለት ይበቃል፣ ሁለቱም ኤ4 ላይ ይገባሉ። አንዱ ኤሌቬሽን ነው፣ ቤቱ ፊት ለፊት በ1፡50 ስኬል፣ 6 ሜትር ፊት 12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል፣ እዚህ ላይ የታፔላው ርዝመት፣ ቁመት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ከበሩና ከጌጥ መስመሩ ያለው ርቀት በቁጥር ይጻፍ። ሌላው ሴክሽን ነው፣ ግድግዳው በጎን የተቆረጠ መስሎ በ1፡10፣ ታፔላው ከግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ ማሰሪያው ምንድነው፣ ስንት ይገባል፣ የመብራት ገመዱ በየት ይሄዳል የሚለው። ባብዛኛው ፋይል ላይ ይሄ ሴክሽን የለም፣ ያለበት ፋይል ግን ባለሙያውን ብዙ ጥያቄ ከመጠየቅ ያድነዋል። አርክቴክት መቅጠር ግዴታሽ አይደለም፣ በእጅም ቢሆን በማስመሪያ ንፁህ አርገሽ ከሳልሽው ይሰራል።

ከፍታውን እኔ ከ2.50 ሜትር በታች አላወርደውም፣ ያንቺ ቤት ላይ 2.80 ቢሆን ጥሩ ነው። ጥምቀትን አስቢ፣ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ መዋኛው ሲወርዱና በኋላም ሲመለሱ ጃንጥላው፣ ድባቡ፣ ባንዲራው ሁሉ ከሰው ራስ በላይ ነው የሚሄደው፣ ህዝቡም እስከ ግድግዳ ጥግ ድረስ ይሞላል። በዚህ ምክንያት ወደ መንገድ በክንድ የሚወጣ ታፔላ ባንቺ ቦታ አልመክርም። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚወጣ ይሁን።

የቁሱ ምርጫ ላይ፣ ፍሌክስ የተወጠረበት ላይት ቦክስ ርካሽ ነው ግን ፀሐይና በረዶ ሲፈራረቅበት ቀለሙ ይለቃል፣ ይቀደዳል፣ ከሁለት ሶስት ክረምት በኋላ የሚያሳፍር ነገር ይሆናል። ለብቻ ለብቻ የተቆረጡ ፊደሎች፣ ከአክሪሊክ ወይም ቀለም ከተቀባ ብረት፣ በአንድ ቀጭን ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ላይ ቢደረደሩ ግድግዳው ከኋላቸው ስለሚታይ ቤቱም መልኩን አያጣም፣ ባህልና ቱሪዝምም በቀላሉ ይቀበለዋል። ጥቁር ብረት ከሆነ አንቲረስት ሳይቀባ አይሰቀል፣ የዝገት እንባ ልስኑ ላይ ከወረደ አይለቅም። ቡሎኑ የማይዝግ ይሁን። ግድግዳውን በስቶ ማስገባት ሲመጣ ልስን ስር ድንጋይ ካለ ድንጋዩን አይብሱት፣ በድንጋይና በድንጋይ መሃል ያለውን ማያያዣ ይብሱት፣ እሱ ነገ ታፔላው ሲነሳ ተሞልቶ ይድናል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን አይድንም። ይሄን ሴክሽኑ ላይ በአንድ መስመር ጻፊው።

መብራቱን ከፊደሎቹ ኋላ አርጊው፣ ብርሃኑ ግድግዳውን ይንካ እንጂ ሰው አይን ውስጥ አይግባ። ሞቅ ያለ ነጭ፣ 3000 ኬልቪን የሚሉትን ምረጪ፣ 6500 የሚለው ሰማያዊ የሚመስለው የሆስፒታል ብርሃን ነው፣ ቢጫ ግድግዳ ላይ አያምርም። ብልጭ ድርግም የሚልና ጽሑፍ የሚሮጥበት ስክሪን አይታሰብ፣ ለሹፌርም ያስቸግራል። 60 የኤልኢዲ ሞጁል እያንዳንዱ 1.2 ዋት ቢወስድ 72 ዋት ነው፣ 100 ዋት ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል፣ ፓወር ሰፕላዩ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ለብቻው ብሬከር ይኑረው፣ ወደ ውጪ የሚወጣው 12 ቮልት ብቻ ይሁን። 220 ቮልት ዝናብ በሚመታው ብረት ውስጥ እንዲገባ አልፈቅድም። ማመልከቻው ላይም ይሄን መጥቀስ ይጠቅምሻል።

ደብዳቤውን እንዲህ አርገሽ ጻፊው፣ ክፍት ቦታውን ሙዪውና ቁጥሮቹን ባንቺ ልክ ቀይሪ፦

"ቀን፦ ______
በጎንደር ከተማ አስተዳደር ለ______ ክፍለ ከተማ ______ ጽ/ቤት
ጎንደር
ጉዳዩ፦ የንግድ ቤት መጠሪያ ታፔላ ለመስቀል ፈቃድ ስለመጠየቅ
እኔ አመልካች በ______ ክፍለ ከተማ በ______ ቀበሌ የቤት ቁጥር ______ በሆነው ንግድ ቤት በንግድ ፈቃድ ቁጥር ______ የካፌና የምግብ ቤት አገልግሎት ለመስጠት ተመዝግቤያለሁ። በዚሁ ቤት የፊት ግድግዳ ላይ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው የሚወጣው 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የተመዘገበውን የንግድ ስሜን ብቻ የያዘ አንድ ታፔላ ከእግረኛ መንገዱ በ2.80 ሜትር ከፍታ ላይ ለመስቀል አቅጃለሁ። ታፔላው ቋሚ በሆነ፣ ብልጭ ድርግም በማይል መብራት ከኋላ የሚበራ ሲሆን የሕንፃውን ጌጥና የአካባቢውን ቅርስ እይታ አይሸፍንም። ፈቃዱ ሲያበቃ ወይም ቤቱን ስለቅ ታፔላውን በራሴ ወጪ አንስቼ ግድግዳውን ወደነበረበት እመልሳለሁ። ስለሆነም ከዚህ ጋር የተያያዙት ሰነዶች ታይተው ፈቃዱ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
አባሪ፦ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ኮፒ፣ የኪራይ ውል፣ የቤቱ አስተዳዳሪ የስምምነት ደብዳቤ፣ 3 ፎቶግራፍ፣ ታፔላው የተቀመጠበት ምስል፣ 2 ንድፍ"

ከዚህ አታስረዝሚው። ስለ ስራ እድል ፈጠራ፣ ስለ ከተማዋ እድገት የሚጨምሩ አሉ፣ ባለሙያው የሚፈልገው ቁጥሩን ነው። "አንድ ታፔላ" የሚለውን ግን አትተይው፣ ፒያሳ ላይ በአንድ ቤት ሶስት አራት ሰሌዳ መለጠፉ የሚያሰለቸው ሰው ነው የሚያነብልሽ።

ስታስገቢ በሁለት ኮፒ ይሁን፣ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር ጽፎ ማህተም አርጎ ይመልስልሽ፣ ከዛ በኋላ የምትጠይቂው በዛ ቁጥር ነው። ኦሪጅናል ሰነድ ለማመሳከር አሳዪ እንጂ አትስጪ። ክፍያ ስትጠየቂ በካሬ ሜትር ነው ወይስ በታፔላ፣ በዓመት ነው ወይስ አንዴ፣ ታሪፉን አሳዩኝ በይ፣ ደረሰኝ ሳትይዢ ለማንም እንዳትከፍይ። አማላጅ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ ፋይልሽ ሙሉ ከሆነ አያስፈልግሽም። አይሆንም ከተባልሽ ደሞ አትጨቃጨቂ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በይ። ብዙ ጊዜ መልሱ አሳንሺው ወይም ዝቅ አርጊው ነው፣ ያኔ ስዕሉን አስተካክለሽ በዛው ቁጥር ትመልሺዋለሽ። ምክንያቱ አልገባ ካለሽ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ ወረቀቱን ይዘሽ እዛ ትሄጃለሽ፣ ያለ ወረቀት ግን የምትይዢው ነገር የለም።

ከታፔላ ሰሪው ጋር ውል ስትጽፉ የጸደቀው ስዕል የውሉ አካል ይሁን፣ ስራው የሚጀመረው ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ነው ተብሎ ይግባ፣ ከስዕሉ 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ ቢያልፍ ማስተካከያው በሱ ወጪ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪያይ ድረስ ያዢለት። ፈቃዱ በበጀት ዓመት የሚታደስ ከሆነ ዓመቱ ሰኔ 30 ነው የሚያልቀው፣ ከንግድ ፈቃድ እድሳትሽ ጋር ባንድ ላይ ጨርሺው፣ የታደሰውንም ወረቀት ካፌው ውስጥ አስቀምጪው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያለሽው አንቺ ላትሆኚ ትችያለሽ፣ ሰራተኞችሽ የት እንዳለ ይወቁ።